ከሳፋው ዳር የሚነገር ተረት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ወንዱ በሚያዝያ አራት ይሞላዋል። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ነው። ከሥራ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የቧንቧ ውሃ ስለሚቆራረጥ ከጀሪካን ቀድቼ፣ በማንቆርቆሪያ አሙቄ፣ በሳፋ ነው የማጥባቸው። ትንሹ ልጄ ከጥምቀት በዓል ወዲህ ሳፋውን ገና ሲያይ መጮኽ ይጀምራል፤ ራሱ ላይ ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ያለቅሳል። ትልቋ በበኩሏ ውሃ እየረጨች ታስለቅሰዋለች። አብራን የምትኖረው እናቴ «ዝም ካላልክ አያ ጅቦን እጠራዋለሁ» ስትለው ለጊዜው ጸጥ ይላል፣ ሌሊት ግን እየባነነ ይነሳል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተረት እየነገርኩ እንዳጥባቸው መከረችኝና በስልኬ የተቀዳ ተረት ከፍቼ ሞከርኩ፤ ይበልጥ ተረበሹ። ለመሆኑ ተረት ይረዳል? የሚረዳ ከሆነስ ምን ዓይነት ተረት ነው፣ እንዴትስ ይነገራል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው «ከጥምቀት በዓል ወዲህ» በሚለው ቃልዎ ላይ ነው። በጥር 11 ማለዳ የተባረከው ውሃ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ እኛ አዋቂዎች በረከቱን እያሰብን ፊታችንን እንሰጣለን፤ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ግርግሩን የሚያይ የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ይዞት የሚመለሰው ትዝታ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በብርድ ሰዓት፣ ሳያስበው ፊቱ ላይ አርፎ ትንፋሹን የቆረጠበትን ቀዝቃዛ ውሃ። ይህን የምለው ልጁን ወደ በዓሉ አይውሰዱት ለማለት አይደለም፤ ልጅዎ እልኸኛ እንዳልሆነ እንዲያምኑልኝ ነው። እንደ እኔ ግምት እሱ የሚፈራው ሳፋውን ሳይሆን፣ ሳይነገረው የሚመጣበትን ውሃ ነው።

ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ ተረት ይረዳል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አዎን የሚል ነው፤ የሚረዳው ግን ብዙ ወላጆች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። አብዛኞቻችን ተረትን የምንፈልገው ልጁ በጆሮው ተይዞ ውሃውን እንዲረሳልንና እኛ ፈጠን ብለን አጥበን እንድንጨርስ ነው። ውሃ የፈራ ልጅ ግን ውሃውን አይረሳም፤ ለአንድ ደቂቃ ቢዘናጋ እንኳ ጆጉ ራሱ ላይ ሲገለበጥ ድንጋጤው እጥፍ ይሆንበታል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ተረቱንም ጭምር ይጠረጥረዋል። ልጅን የሚያረጋጋው ተረት ውሃው አሁን የት እንደሚያርፍ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼም እንደሚያበቃ ከእጅዎ ቀድሞ የሚናገር ተረት ነው። በስልክ የተቀዳው ያልሠራልዎትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ስልኩ እጅዎ የት እንደደረሰ አያውቅም፣ ልጁ ሲሳቀቅ ቆም አይልለትም፣ ለጥያቄውም መልስ አይሰጠውም። በዚያ ላይ ስልክ፣ ይልቁንም ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ፣ ውሃ ባለበት አካባቢ መኖር የለበትም።

ባሕር ዳር ለሚያድግ ልጅ እንዲህ ያለውን ተረት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከቤትዎ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ የሚያየው ሐይቅ ይበቃል። እኔ በቤቴ የምነግረውን ላካፍልዎት። ልጁ ሳፋው ውስጥ ሲቀመጥ እሱ ራሱ ጣና ነው። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልልቆቹ አራት ናቸው፤ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ የሚመጣው ግልገል ዓባይ፣ ከጉና በኩል ወርደው የፎገራን ሜዳ የሚያቋርጡት ጉማራና ርብ፣ ከጎንደር በኩል የሚመጣው መገጭ። የልጁም እጅና እግር አራት ናቸው። ስለዚህ ውሃው የሚጀምረው ከራስ ሳይሆን ከእግር ጣት ነው፤ «ግልገል ዓባይ ከግሽ ተነሳ፣ ቀስ እያለ መጣ፣ እዚህች ጣት ጋ ደረሰ» እየተባለ ቀኝ እግሩ ላይ በጣሳ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ቀጥሎ «አሁን ጉማራ ነው» ይባላል፤ ልጁም ራሱ ግራ እግሩን ይዘረጋል። ርብና መገጭ በሁለቱ ክንዶች ይወርዳሉ። ሦስት አራት ምሽት ካለፈ በኋላ ልጁ የሚቀጥለውን ወንዝ ከእናቱ ቀድሞ ይጠራል፣ እጁንም ሳይለምኑት ይሰጣል።

ሳሙናዋ የደንገል ታንኳ ናት። ከውሃው በላይ ብቅ ያሉት ሁለት ጉልበቶች ጎን ለጎን የሚገኙት ክብራንና እንጦስ ናቸው፤ ሆዱ ደግሞ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ደቅ ነው። ባለታንኳው ከደሴት ወደ ደሴት ይቀዝፋል፤ «ዛሬ ደቅ ላይ ማን ይወርዳል?» ብለው ሲጠይቁት ልጁ የሚወደውን ሰው ስም ይጠራል፣ ሳሙናዋም እዚያ ትቆማለች። የእኔ ልጅ ለወራት ያህል በየምሽቱ ደቅ ላይ የሚያወርደው አያቱን ነበር፤ አያቱ ሲወርዱ «ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል» እያለ በሁለት ጣቱ ሆዱን ይነካ ነበር። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይናገሩ እንጂ እሱ ሲጮኽ አብረው አይጩኹ፤ ልጅ መስማት የሚፈልገው ነገር በሹክሹክታ ሲነገረው ለመስማት ሲል ዝም ይላል።

ራስን ማጠቡ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ የልጅን ፀጉር በየምሽቱ ማጠብ አያስፈልግም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ደግሞ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። በሌሎቹ ምሽቶች «ዛሬ በጋ ነው፣ ዝናብ የለም» ብለው ገና ሲጀምሩ ቢያውጁለት ግማሹ ፍርሃት እዚያው ይወድቃል። የክረምቱ ቀን ሲደርስ ደመናው መጀመሪያ ጉና ላይ ይታያል፣ ቀጥሎ ወደ ሐይቁ ይጠጋል፣ ነገር ግን ልጁ ራሱ «ይዝነብ» ሳይል አንዲት ጠብታ አትወርድም። የታጠፈች ትንሽ ፎጣ በእጁ ይዞ ዓይኑ ላይ ይከድን፤ አገጩን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ የሚበሩትን ወፎች እንዲቆጥር ይንገሩት፤ ውሃው ከማጅራቱ በኩል ወደ ኋላ ይፍሰስ። ሦስት ጆግ እንደሚሆን አስቀድመው ከነገሩት ሦስት ብቻ ይሁን፤ አራተኛ ጆግ ቢያፈሱበት የተረቱ ቃል ይፈርሳል፣ በማግስቱም አያምንዎትም። «አይዝነብ» ካለ ደግሞ ዛሬ አይዘንብም፤ ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይለፉት። የልጁ ትእዛዝ አንድ ጊዜ እንደተከበረ ሲያይ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡን ራሱ ይጠራዋል።

ከሳፋው የማውጣቱ ትግል ከማስገባቱ የማያንስባቸው ቤቶች አሉ፤ ፍርሃቱ ሲለቀው የእርስዎም ልጅ «አልወጣም» የሚልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ መፍትሔውን የሰጠን ራሱ ታንኳው ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ በማግስቱ አይሸከምም። «ታንኳችን ከበደች፣ ወደ ዳር እንጎትታት» ሲሉት ልጁ ከውሃው የሚወጣው ተባርሮ ሳይሆን የታሪኩ ሥራ ስለሚጠራው ነው። የተረቱን መጨረሻ ሳፋው ውስጥ እያለ ፈጽሞ አይንገሩት። ባለታንኳው ከዘጌ ለልጆቹ ምን ይዞ ገባ? ሎሚ ነው? ቡና ነው? ይህ የሚታወቀው በፎጣ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጭንዎ ላይ ተቀምጦ፣ ቅባት እየተቀባ ነው። ተረቱ በወጉ «ተረት ተረት» ተብሎ ይጀምር፤ ልጁ «የላም በረት» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ጣሳው ውሃ አይንካ፤ መልሱ ፈቃዱ ነውና። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይዝጉት፤ እራቱ ገና ከሆነ አንዲት ቁራሽ ዳቦ በእጁ ቢሰጡት ደስታው ይበዛል።

እንደ አብዛኛው አዲስ እናት እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ተሳስቼ ነበርና ይህን ልንገርዎት። በየምሽቱ አዲስ ተረት ካላመጣሁ ልጄ የሚሰለች እየመሰለኝ በሥራ የደከመ ራሴን ሳስጨንቅ ከርሜ፣ አንድ ቀን ምንም ሲጠፋብኝ የትናንቱን ደገምኩት። ልጄ ያን ምሽት በጣም ተረጋግቶ ነበር፤ በማግስቱም «የትናንቱን» አለኝ፣ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ያሳርፈዋል፤ ስለዚህ አንዱን ተረት ለወር ያህል፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ቢነግሩት እንጀራውን እንደ ሰጡት ይቁጠሩት። ቃል ቢያዛቡ ያርምዎታል፤ ይህም ፍርሃቱ ወደ ባለቤትነት እየተለወጠ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ እናትዎ የጻፉትን በጥንቃቄ ልመልስ። በማስፈራራት የሚገኝ ጸጥታን አልደግፍም፤ ልጁ ዝም ያለው ስለተረጋጋ ሳይሆን ስለደነገጠ ነው፣ ሌሊት መባነኑም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እናትዎን በልጆቹ ፊት «ይህን አትበይ» ማለት ቤቱን ይረብሻል እንጂ አያረጋጋውም፤ እሳቸውም የሚናገሩት ከፍቅርና የሰሙትን ከማስተላለፍ ነው። ይልቅ ልጆቹ ሳይኖሩ፣ ቡና ሲጠጡ፣ «እማዬ፣ አያቴ ይነግሩሽ የነበረውን ተረት ለልጆቹ ንገሪልኝ» ብለው ይለምኗቸው። በአያቶቻችን ተረት ውስጥ ጅብ ብዙ ጊዜ በሆዱ የሚታለል፣ በጦጣ ወይም በቀበሮ ብልሃት የሚሞኝ ነው፤ ትንሹ ልጅዎ ያን የሚታለለውን ጅብ በአያቱ አንደበት፣ በቀን ብርሃን ወይም በእራት ሰዓት ካገኘው በጓሮ የሚጠብቀው አያ ጅቦ ቀስ በቀስ ያንስበታል። ከሳፋው አጠገብ ግን ጅብ ጨርሶ አይጠራ። ገላውን ያልታጠበ ልጅ ሸትቶ ጓደኞቹ የሸሹትን፣ ቅማል የወረረውን የሚያወሩ ተረቶችም እንዲቀሩ እመክራለሁ፤ ልጅን በገላው የሚያሳፍር ተረት ንጽሕናን ሳይሆን እፍረትን ነው የሚያስተምረው።

ትልቋ ልጅዎ ውሃ የምትረጨው ክፉ ሆና ሳይሆን ሥራ ስላጣች ይመስለኛል። የስድስት ዓመት ልጅ ለወንዞቹ ተረት ትንሽ አድጋለች፤ ለእሷ እንቆቅልሽ ይስጧት። «እንቆቅልሽ» ሲሏት «ምን አውቅልሽ» ትበል፤ «እጅ የለው ያጥባል፣ እግር የለው ይሄዳል» ይበሏት። ካላወቀች አገር ትስጥ፤ ደሴት እንድትሰጥ ቢያደርጓት ደግሞ የጣናን ደሴቶች ስም ሳታስበው ታጠናለች። መልሱ «ውሃ» መሆኑን ካወቀች በኋላ ታንኳዋን ወደ ዳር የምትጎትተው፣ ፎጣውንም ይዛ የምትጠብቀው እሷ ትሁን። ወንድሟን እንድትጠብቅ ግን አይተዉላት፤ ያ የእርስዎ ሥራ ነው።

ይህን ካነሳሁ፣ ተረቱ የቱንም ያህል ቢጥም ሊዘነጋ የማይገባውን ልናገር። ትንሽ ልጅ ከአንድ ስንዝር በታች በሆነ ውሃም ሊሰምጥ ይችላል፤ በር ቢንኳኳ ወይም ስልክ ቢጠራ ልጁን ከሳፋው አውጥተው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ይዘውት ይሂዱ እንጂ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተዉት። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ ከዚያ የፈላውን ጨምረው ያዋህዱት፤ ማንቆርቆሪያው ልጆቹ በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሙቀቱን በጣት ሳይሆን በክርንዎ ይለኩት፤ ከሰውነት ሙቀት ጋር የተቀራረበ፣ ማለትም 37 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ክርን ላይ ለብ ያለ ሆኖ ይሰማል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከኅዳር እስከ ጥር ምሽቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ተረቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይርዘም፣ መስኮቱም አስቀድሞ ይዘጋ። መብራት ከጠፋ ሻማ ከሳፋው አጠገብ አያቁሙ፤ የእጅ ባትሪ ወደ ጣሪያው አብርተው ቢያስቀምጡ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፣ ለወፎቹም ሰማይ ይሆናል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከቻሉ ከመኝታቸው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ያጥቧቸው። ሞቅ ያለ ውሃ ደም ወደ ቆዳ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ከውሃው ከወጡ በኋላ ሰውነት ያንን ሙቀት እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፣ ይህም መቀዝቀዝ እንቅልፍን ይጠራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከታጠቡ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይናቸው ራሱ መክበድ ይጀምራል።

በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ብዙ አይጠብቁ። ትንሹ ልጅ ሳፋው ውስጥ ሳይገባ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ እግሩን ብቻ ቢያስነካ፣ ግልገል ዓባይና ጉማራ ብቻ የደረሱበት ምሽት ሆኖ ይለፍ፤ ሌላው ገላው በእርጥብ ፎጣ ይጠረግ። ልቅሶው ከአንድ ወር በላይ ሳይቀንስ ከቀጠለ ወይም በቀን ሰዓትም ውሃ ከመጠጣትና እጁን ከመታጠብ የሚከለክለው ከሆነ ግን ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት፤ የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅም ራሱ ላይ ውሃ ሲፈስ እንዲሁ ስለሚጮኽ ይህን ማጣራት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ቦታ ብዙ አይርቅም። የአምስት ዓመት ልጄ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ውሃው እንዳይወርድ «ጉማሬ ይውጥሃል» እያልኩ አስፈራርቼው ነበርና ከውሃው ዳር ቀርቷል። አሁን ግን ማታ ገላውን ሊታጠብ ሲል «ከሥር ጉማሬ አለ» ብሎ ገንዳው ውስጥ አልገባም ይላል። እዚህ ላይ ምን ዓይነት ተረት ልንገረው?

አባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ አባት፣ ለጊዜው ሌላ ተረት አይጨምሩ፤ መጀመሪያ የነገሩትን ያስተካክሉ። ልጅዎን ከውሃው ዳር ማራቅዎ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን እውነተኛው ይሁን። ጉማሬ ሣር በል እንስሳ ነው፤ ሰው አይውጥም፣ ነገር ግን ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ መንገዱ ላይ የቆመበትን ወይም ግልገሉን የተጠጋበትን ሰው ሊገድል ይችላል። በዚያ ላይ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ከቀንድ አውጣ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ የቢልሃርዚያ ትል ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ስለዚህ ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ ለልጅ ገላ የሚውል ከሆነ አስቀድሞ ፈልቶ መቀዝቀዝ አለበት። ይህን ለልጁ በቀን፣ በአጭሩ፣ ድምፅዎን ሳይለውጡ ይንገሩት፤ «ወደ ሐይቁ ያለ እኔ አትወርድም» የሚለውም እንደ ቤት ሕግ ይቁም እንጂ ተረት አይሁን። ልጅ ሕግንና ተረትን ለይቶ ሲያውቅ ነው ሁለቱንም የሚያምነው።

ማታ ደግሞ ገንዳውን ባዶውን ያሳዩት። እጁን አስገብቶ ወለሉን ይዳብስ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጣሳዎች እሱ ራሱ ያፍስስ፤ ውሃው ከእጁ ሲወጣ ያየ ልጅ ከሥር ምን እንዳለ ያውቃል። «ጉማሬውስ?» ብሎ ከጠየቀዎት አይሳቁበት፣ ጥያቄውንም አይለፉት። ጉማሬው አሁን ዳር ወጥቶ ሣሩን እየጋጠ መሆኑን፣ እዚህ ደግሞ ሣር እንደሌለ ይንገሩትና ጣሳውን መልሰው ይስጡት።